«ጌታ የሰጠኝ» መዝሙር የማን ነው?

ታላቅ እህቴ መዝሙር ትጽፋለች። ባሏ በሞተ በዓመቱ የጻፈችውን ጉለሌ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስትዘምር፣ እንደ ወጋችን «ይህን መዝሙር ጌታ ነው የሰጠኝ» ብላ ጀመረች። እኛ ዘንድ «እኔ ጻፍኩት» ማለት ትዕቢት ይመስላል። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ጫነው።

ከወራት በኋላ ከቁስቋም ስንወርድ፣ ታክሲ ውስጥ ያንኑ መዝሙር ሌላ ዘማሪት ስትዘምረው ሰማን። እህቴ ፈገግ አለች። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ዳገቱን ሳልጨርስ አብረኸኝ አለህ» ብላ የጻፈችው «ዳገቱን ጨረስኩ፣ አብረኸኝ አለህ» ሆኗል።

«ስሜስ ይቅር፤ እኔ ግን ዳገቱን መቼ ጨረስኩ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

የዘማሪቷን ስልክ አፈላልጌ ሰጠኋትና ደወለች። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት «እህቴ፣ ‹ጌታ የሰጠኝ› ብለሽ የለ እንዴ? የጌታ ከሆነ የሁላችንም አይደል?» አለቻት።

ጥያቄው አላስቀምጥ አለኝ። እውነት የማን ነው? ሕግ የተማረ ጓደኛዬን ያዝኩት። ሳቀብኝ።

«ሕጉ ማን ሰጣት አይልም፤ ማን ጻፈው ነው የሚለው። ሳያስፈቅዱ ቀርጾ ማሰራጨት አይቻልም። ስሟ እንዲጠቀስ፣ ግጥሟ እንዳይዛባ መጠየቅም መብቷ ነው።»

ደረቴን ስነፋ አይቶ «ቆይ፣ አትቸኩል» አለኝ። «ዳገት የሚለው ሐሳብ የእሷ አይደለም። ማንም ስለ ዳገት መጻፍ ይችላል። ቤተሰብ ተሰብስቦ በነፃ ቢዘምረውም አትከለክልም፤ በቃ።» እንጦጦ ሥር ላደግን ሰዎች ዳገት የጋራ መሆኑን ለመረዳት ሕግ አያስፈልገንም።

እህቴ ይህንኑ ስትነግራት ዘማሪቷ አላንገራገረችም። ይቅርታ ጠይቃ የፊተኛውን ቅጂ ከዩቲዩብ አነሳች፤ በእህቴ ቃልና ስም እንደገና ቀርጻ ለቀቀችው። እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ ተዝናናሁ።

እሁድ የራሳችን መዘምራን ያንኑ መዝሙር ጀመሩ። አዝማቹ ላይ አዳራሹ በሙሉ «ጨረስኩ» አለ፤ ሕዝቡ የለመደው እሱን ነበር። «ሳልጨርስ» ያለችው እህቴ ብቻ ናት። አጠገቧ የቆሙ አንዲት እናት ክንዷን በፍቅር ነካ አደረጉና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «‹ጨረስኩ› ነው የሚለው፣ የኔ ልጅ» አሏት።