የመርዶ ልምምድ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ የልጄ ሚስት ሌራቶ ጆሃንስበርግ ሮዘተንቪል ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። ልጄ ወታደር ነው፤ በቅርቡ ከጓዶቹ ጋር ለሰላም ማስከበር ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሌራቶ የወጥ ቤቱን ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ማ፣ ቅዳሜ የቤተሰብ ስልጠና አለ ብለው ጠርተውናል። ወላጅም መምጣት ይችላል ይላል። እዚያ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ብዙ ነገር» አልኳትና ሻይ ልጥድ ተነሣሁ። ጀርባዬን የሰጠኋት ፊቴን እንዳታይ ነው።

የሐምሌ ብርድ ነው። የዚህ አገር ብርድ ደረቅ ነው፤ ዝናብ የለውም። ሳሩ ገርጥቶ ይደርቃል፣ ሜዳው በየቦታው ይቃጠላል፣ ጆሃንስበርግ ቀኑን ሙሉ ጭስ ጭስ ይላል። እኔም ያንን ስልጠና የወሰድኩት በዚሁ ወቅት ነበር፤ ጭሱ በሸተተኝ ቁጥር አዳራሹ ይመጣብኛል።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ወንድሜ ታደሰ ዳቬይተን ውስጥ ጋራዥ ተከራይቶ ስፓዛ ከፍቶ ነበር፤ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። እኔም ከሆለታ መጥቼ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆሜ እሸጥ ነበር። ዙሉ የተማርኩት እዚያው ከደንበኛ አፍ ነው። ሲፖም ደንበኛ ነበር፤ ዳቦ ሊገዛ እየመጣ ሳይገዛ ቆሞ የሚያወራ። ወታደር መሆኑን ስሰማ ልቤ ሸሸ። ቢሆንም አገባሁት። ታደሰ በሠርጋችን ቀን «ከእማዬ አትማሪም?» ብሎኝ ነበር።

አባታችንም ወታደር ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ወደ ሰሜን ዘመተ። ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ እኛም ከወታደር ካምፑ ወጥተን ኪራይ ቤት ገባን፤ እሱ ግን አልመጣም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። አንዱ መጥቶ ተማርኮ አየሁት ይላል፤ ሌላው ሱዳን ገብቷል ይላል። እናቴ ጥቁር አልለበሰች፣ ድንኳን አልተጣለ። በዓል መጥቶ ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛውን ለእሱ ታስቀርና ሲመሻሽ ምንም ሳትል ለእኔና ለታደሰ ታካፍለን ነበር። ያንን ሥጋ ስውጥ ጉሮሮዬን ሲቧጥጠኝ ዛሬም ይታወቀኛል።

ሲፖ ወደ ኮንጎ ሊዘምት ሲል ነው የወታደር ሚስቶች ስልጠና መኖሩን የሰማሁት። አብራኝ የሄደችው ኖምሳ ነበረች፤ ቤቷ ከሱቃችን በታች ነው፣ ባሏም ከሲፖ ጋር ነበር የሚሄደው። ሳቋ ከሰውነቷ ይገዝፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ታክሲ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣውን ቢጫ የአፈር ተራራ በመስኮት እያየን እንሄዳለን። አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ መሐሉ ላይ የጋዝ ማሞቂያ ይነድ ነበር። ቦምቦሊኖ የሚመስለውን ማግዊንያ በወተት ሻይ ያቀርቡልን ነበር።

አሰልጣኛችን አንዲት ሜጀር ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የሰው ዓይን የማይሸሹ ሴት። ያስተማሩን እንደጠቀመኝ ዛሬም እመሰክራለሁ። ባል ሲርቅ የቤቱን ጉዳይ ማን እንደሚጨርስ፣ አባቱ የናፈቀውን ልጅ ምን እንደሚሉት፣ በስልክ መጣላት ለምን እንደሚከፋ ነገሩን። ሲመለስም ሌላ ሰው ሆኖ ሊመለስ ይችላል አሉ፤ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ቢቀመጥ፣ ሲነኩት ቢበረግግ እንዳንቀየመው። እኔም ስሰማቸው እናቴ ትታየኛለች። ለእሷ ይህንን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራትም።

በመጨረሻው ቀን ሜጀሯ ወንበሮቹን ዳር ዳር አስያዙና «ዛሬ ከባዱን ነው የምንለማመደው» አሉ። «ክፉ ነገር ቢደርስ ቤታችሁ የሚመጡት አንድ መኮንንና አንድ ቄስ ናቸው። ማን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚናገር ካወቃችሁ፣ ደጃችሁ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር አትሞቱም።» ሁለት ሁለት ሆነን አንዷ መኮንን፣ አንዷ ሚስት እንድንሆን አዘዙ።

እኔ ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፤ ባለ መርዶው ገና ሳይነገረው የሰዉን ብዛት አይቶ ያውቀዋል። በሕይወት ላለ ሰው መርዶ መለማመድማ ሟርት ነው። «እኔ ይቅርብኝ» አልኩ።

ኖምሳ ሳቀች። «እህቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ነይ፣ መኮንኑን አንቺ ሁኚ» ብላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

የምንለው ተነግሮን ነበር፤ በታላቅ ኀዘን ብሎ የሚጀምር ረጅም እንግሊዝኛ ነው። ኖምሳ በር የምትከፍት መስላ ፊቴ ቆመች፤ ሳቋ ገና ከንፈሯ ላይ ነበር። አፌን ስከፍት እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ከፊቴ የቆመችውም እናቴ ሆነችብኝ፤ ፈረሰኛውን በሰሐን ይዛ በሩን የምታየው እናቴ።

«ባልሽ ሞቷል» አልኳት በዙሉ። «በእርግጥ ሞቷል። አይመጣም። ከእንግዲህ አትጠብቂው።»

የኖምሳ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ እንባዋ ወረደ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሜጀሯ መጥተው ትከሻዬን ያዙና ቀስ ብለው «አትጠብቂው የሚለውን እኔ አላስተማርኩሽም» አሉኝ። ስንመለስ ኖምሳ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ «ያ የተናገረው ድምፅ ያንቺ አይመስልም ነበር» አለችኝ።

ባሎቻችን ሄዱ። ብርዱ አለፈ፣ ጃካራንዳው አበበ፣ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የሚመጣበት ወቅት ገባ። አንድ ቀን ዝናቡ ገና እንዳባራ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነጭ መኪና ጭቃውን እየከፈለ ወደ እኛ መጣ። ከፊት የተቀመጠው ሰው የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ከጎኑ የቄስ አንገትጌ ያደረጉ ሽማግሌ አሉ። መኪናው ሱቁን አልፎ ሲወርድ «ተመስገን» አልኩ። የት እንደሚቆም የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሮጬ ስደርስ ኖምሳ በሯ ላይ ቆማ ነበር። መኮንኑ ኮፍያውን አውልቆ ሊናገር ሲል እጇን አነሣችና «ተነግሮኛል» አለችው።

«ማን ነገረሽ፣ እመቤት?» አለ ግራ ተጋብቶ።

በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ቄሱ ዞረው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

ባሏን የጫነው መኪና ኮንጎ ውስጥ ወንዝ ዳር ተገልብጦ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ኖምሳ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፣ ብርድ ልብስ ደረቡላት፣ አሮጊቶች ከበቧት። እኔ ራቅ ብዬ ብቀመጥም አስጠራችኝ። ጆሮዬ ስር ሆና «እነሱ ያሉኝ ምንም አልገባኝም። አንቺ ደግመሽ ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። አትጠብቂው የምትለዋንም ቃል ጨምሬ ነገርኳት። ያኔ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።

ታደሰ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «አሟረትሽባት» አለኝ። ሟርት ገደለው ብዬ አላምንም፤ ሲያባራ ግን፣ ጭቃ ላይ የመኪና ጎማ ድምፅ ስሰማ፣ አለማመኔ ይላላል።

በዚያው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ሆለታ ለጎረቤታችን ደውዬ እናቴን አስጠራኋት። ታደሰ ከጎኔ የዳቦ ሣጥን ይደረድር ነበር። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ።

«እማዬ፣ አባዬ ሞቷል» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልነገረኝም። የሚነግረንም የለም። እኔ ነኝ የምነግርሽ። አትጠብቂው።»

ታደሰ ሣጥኑን እንደያዘ ቆመ። በስልኩ ውስጥ የጎረቤታችን ዶሮዎች ይሰማሉ። «እኔማ ካወቅሁት ቆየሁ» አለች እናቴ በመጨረሻ። «እናንተ ተስፋ እንዳትቆርጡ ብዬ ነው ያላለቀስኩት።»

«እኛም አንቺን ብለን ነው» አልኳት።

ስልኩ ሳትዘጋው ከእጇ ወደቀ መሰለኝ። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ፣ ቀጥሎ የጎረቤታችን፣ ከዚያ የማላውቃቸው ሴቶች ድምፅ ተሰማ። መስመሩ እስኪቋረጥ የአባቴን ለቅሶ ከዳቬይተን ሆኜ አዳመጥኩ። ታደሰ የሱቁን በር ሳይከፍት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ዳቦ አልሸጥንም።

ሆለታ ድንኳን ተጣለ፣ ፍትሐት ተደረገ። እናቴ ጥቁር ለበሰች፤ ከሕልፈቷ በፊት «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላኛለች። ሲፖ በሰላም ተመልሶ ጡረታ ወጥቷል፤ አሁንም ወንበሩ ወደ በሩ የዞረ ነው። ኖምሳ ወደ እናቷ አገር ናታል ገባች። እደውልላት ነበር፤ አንድ ቀን ያለ ምንም ቁጣ «ድምፅሽን ስሰማ ያ ቀን ይመጣብኛል» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አልደወልኩም። እኔም ብሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወታደር ወታደር የሚል እርምጃ ያላቸው አዛውንት ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ ካየሁ፣ ፊታቸውን እስካይ እከተላለሁ። አትጠብቂው ያልኩት ለሌላ ሰው ነው።

ሌራቶ ሻይዋን እየጠጣች ስልኳን አነበበችና «ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሠራ ልምምድ አለ ይላል። ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ልምምዱ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ቅዳሜ መኮንኑን አንቺ ሁኚ ብዬ እለምናታለሁ። በዕድሜዬ ሁለት ሴቶችን መርዶ አርድቻለሁ፤ በአባቴ ሞት ግን ፊቴ ቆሞ ያረዳኝ የለም። ሌራቶ የልጄን ስም ጠርታ ሞቷል ስትለኝ ማልቀሴ አይቀርም። እንባው የአባቴ እንዲሆን ብቻ እየጸለይኩ ነው።