በሞቴ የሚል ሰው ፍለጋ

እናቴ የምትበላው ስትለመን ነው። ይኼን ለፈረንጅ ማስረዳት አቃተኝ። ስድስት ዓመት ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ኤይድ ማለት አስታማሚ ሆኜ፣ የስንቱን አፍ ጠርጌ፣ ይኼን አንድ ነገር አስተካክዬ መናገር አቃተኝ። "በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። አንዴ ትላለች፣ ሁለቴ ትላለች፤ ሦስተኛው ላይ "በሞቴ!" ስትባል "ውይ፣ አንቺ ደግሞ!" ብላ ትጎርሳለች። ያደገችበት ወግ ነው። ልጆች ሳለን ሰው ቤት ሄደን በመጀመሪያው "ብሉ" እጃችንን የሰደድን እንደሆነ፣ ለባለቤቶቹ ፈገግ እያለች በጠረጴዛው ሥር ጭናችንን ትቆነጥጠን ነበር።

መርሳቱ ሲመጣባት መጀመሪያ የሄደው እንግሊዝኛዋ ነው፤ ድሮም ብዙ አልነበራትም። ከዚያ የጎረቤቶቹ ፊት ጠፋባት፣ ከዚያ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ። ጨዋነቷ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ጭራሽ ባሰባት። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች፣ እንግዳ ደግሞ ሳይለመን አይበላም።

የምንኖረው ጋሃና የምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ነው፣ እኔና እሷ ብቻ። እኔ ሥራ ስውል አንዲት ሴትዮ እየመጣች ትጠብቃት ነበር፤ ኮቪድ ሲመጣ ቀረች። 2020ን እንዴት እንዳለፍነው እግዜር ያውቃል። በዓመቱ ፌብሩወሪ ላይ ከሥራ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ በረዶው ሳሎን ድረስ ገብቷል፣ እናቴ የለችም። ያገኛት ፖሊስ ነው፤ ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ዳር በነጠላ ጫማ ቆማ። "ሰው ልቀበል ነው" አለችኝ። ማንን ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ሁለት የእግር ጣቶቿ በብርዱ ጠቁረው ከረሙ። ሐኪሟ ጣቶቹን አየቻቸውና፣ "ከእንግዲህ ብቻዋን መቀመጥ አትችልም፤ የሚቆለፍ ቦታ ፈልጊላት" አለችኝ። እንዲህ ነው ያለችው፣ የሚቆለፍ።

ታናሽ ወንድሜ ካናል ዊንቸስተር የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። ስነግረው ስልኩ ላይ ጮኸ። "እናቴን ለፈረንጅ አሳልፌ አልሰጥም!"

"እሺ፣ ውሰዳት።"

"እኔ?" አለ።

"ውሰዳታ! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሰኞ ሻንጣዋን ይዤልህ ልምጣ?"

"የሥራ ሺፍቴ እኮ..." አለ።

ሺፍቱ! እኔ መቼ ሺፍት አለኝ፣ እኔ ቤተ መንግሥት ነው የምውለው። በዚህ ዓይነት ፍለጋው የእኔ ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው መጦሪያ ቤት ዌስተርቪል የሚባል ከተማ ነው። መግቢያው ላይ ፒያኖ አለ፣ የኤሌክትሪክ እሳት ይነድዳል፣ ቤቱ ኩኪስ ይሸታል። እኔ ደግሞ ሽታ አውቃለሁ፤ በዚህ ሥራ ኩኪስ የሚሸት ቤት የሚሸፍነው ሌላ ሽታ አለው። አስጎብኚዋ የመርሳት ሕመምተኞቹ ያሉበትን ክፍል ልታሳየኝ በቁጥር የሚከፈት በር ከፈተች። ገባን፣ ከኋላችን ጠቅ አለ። ዞር ብዬ ሳይ በር የለም፣ ያለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ቀረብ ስል ሥዕል ሆኖ አገኘሁት፤ በሩ ላይ መደርደሪያ ከነመጽሐፉ ስለውበታል።

"መውጫ መሆኑን ካላወቁ አይረበሹም" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

አንዲት አሮጊት እዚያ ቆመው አንዱን መጽሐፍ በጥፍራቸው ለማውጣት ይታገላሉ። እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ስንት ሰው፣ ስንት ቀን ቢፍቀው እንዲህ እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግኩም። ልንወጣ ስንል አስጎብኚዋ አሮጊቷን በትከሻቸው ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞረችው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ሁለቴ ከፈትኩና ዘጋሁት፣ እንደ እብድ።

ሁለተኛው ካናል ዊንቸስተር ነው፣ ወንድሜ "ለእኔ ይቀርበኛል፣ በየቀኑ አያታለሁ" ስላለ። በየቀኑ! ሳቄን አታምጡት። እዚያ የሄድኩት ሳልቀጠር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ቤት የሚታወቀው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ይኼን ስድስት ዓመት አስተምሮኛል። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው አለ፣ ኤይዶቹ ሁለት ናቸው። ለአንድ ሽማግሌ ሳህን ቀረበላቸው። "ኖ፣ ታንክ ዩ" አሉ። ኤይዷ "አር ዩ ሹር?" አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሳህኑ ተነሣ። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ፈገግ ብላላቸዋለች። ቻርቱ ላይ "እምቢ አለ" የሚለው ቦታ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ያንን ምልክት እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ! ሰባት ሰው እየጠበቀኝ፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ አንዴ "በቃኝ" ያለኝን ሁሉ "እሺ" ብዬ አልፌዋለሁ። ከዚያ ሰውየው ኪሎ ይቀንሳል፣ ሐኪሙ ዕድሜ ነው ይላል፣ አንድ ቀን ስገባ አልጋው ለሌላ ሰው ተነጥፏል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ሌላ አንድ ልመና እየጠበቀ እንደነበር ማን ያውቃል? እናቴን እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አጎንብሳ፣ በጨዋ ደንብ በረሃብ ስትሞት። በማንም ቻርት ላይ የማንም ጥፋት ሆኖ አይጻፍም።

ከዚያ ወዲያ ፒያኖም፣ ግቢም፣ ወለልም አላየሁም። የምፈልገው በሞቴ የሚል ሰው ብቻ ሆነ።

አገኘሁም። ጋሃና፣ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ፣ ጣሪያው ውሃ ያበላሸው አሮጌ ቤት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከበሩ እመለስ ነበር፣ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት ኤይድ ፊቴን አየችኝና "ሐበሻ ነሽ አይደል?" አለችኝ። በዲቪ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በሦስተኛው ቀን እናቴን ለሙከራ ምሳ ወሰድኳት። እናቴ "በቃኝ" አለች። ልጅቷ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና፣ "እማማ፣ አፈር ስሆን! በሞቴ!" አለች። እናቴ "ውይ፣ አንቺ ደግሞ!" ብላ አፏን ከፈተች። እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት ፈረምኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤት መረጥኩ ብዬ አንዲት ልጅ መረጥኩ። ኤይድ እንደማይቆይ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ራሴ በስድስት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። ልጅቷ ወገቧን ይዛ ስትነሣ አይቻለሁ፣ በዕረፍቷ ስልኳ ላይ ሥራ ስትፈልግም አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

እነዚያን ወራት ሁሉ እናቴ ፊቷ ሞላ። ልጅቷ ዕረፍት በሆነችባቸው ቀናት እኔ እየሄድኩ አበላታለሁ። አንድ ቀን ሁለታችንም ሳንኖር ስትውል ግን የቁርሱም የምሳውም ምልክት "እምቢ" ነበር፣ ተርታውን። ሌሎቹን ኤይዶች ለማስተማር ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ጠይቋት ብዬ ወረቀት ጽፌ አልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩ። ዳይሬክተሯም "እንከታተላለን" አለችኝ።

ከዚያ ኦገስት ላይ ወንድሜ ብቅ አለ! በአራት ወር አንዴ፣ አበባ ይዞ። እናቴን ሳማት፣ ኮሪደሩ ላይ ልጅቷን አመሰገናት፣ ማመስገኑ አልበቃው ብሎ "እንዳንቺ ዓይነት ጎበዝ እዚህ ምን ይሠራል? እኛ ጋ ሰው እየቀጠርን ነው" አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ አቅፋኝ ተሰናበተችኝ።

ለወንድሜ ደውዬ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። "ልጅቷ እኮ ወገቧ አልቋል፣ ምን ላድርግ?" አለኝ። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ ከሥራዬ እየሮጥኩ ሳበላት ቆይቼ በአሥረኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ ኮቪድ ገባ ተባለና ጉብኝት ተዘጋ። በየቀኑ እደውላለሁ። "ደህና ናት፣ ምንም አታስቸግርም" ይሉኛል። በነጋታውም፣ "ምንም አታስቸግርም።" ይኼን ቃል እኔም ለስንት ቤተሰብ ብዬዋለሁ፤ አትጣራም፣ አትነሣም፣ ምንም አትጠይቅም ማለት ነው። ላውጣት ብዬ ተነሣሁ። የት አባቴ ልውሰዳት? ቤቴ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው።

በስድስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ የአበባ መደቡን ረግጬ መመገቢያው መስኮት ላይ ቆምኩ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ አንገት ሰፍቷታል፤ ልክክ ያለ ቀሚስ ነበር፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት። ማስክ ያደረገች ኤይድ ሳህን አቀረበችላት። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። ሳህኑ ተነሣ። "አትንሺው! ድገሚያት!" ብዬ መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ እናቴም አየችኝ፣ እንደማንኛውም ጯሂ። ኤይዷ መጥታ መጋረጃውን ዘጋችው። አልፈርድባትም፤ መስኮት ላይ ሰው ከጮኸ ሕመምተኞቹ እንዳይረበሹ መጋረጃ ዝጉ ተብለን ነው የተማርነው።

ጠያቂ አይገባም፣ ሠራተኛ ግን ይገባል። በዚያው ቀን የነበርኩበትን ሥራ ለቅቄ እዚያ አመለከትኩ። ሰው አልቆባቸው ስለነበር በአምስት ቀን ውስጥ ቀጠሩኝ። አምስቱን ቀን እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ።

በመጀመሪያው ጠዋት ማስክና የፊት መሸፈኛ አድርጌ አጃዋን ይዤ ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ የእጇ አጥንት ይታያል። "እማዬ" አልኳት። ራሷን በትሕትና ዝቅ አደረገች። ደንቡን ጥሼ ማስኩንም መሸፈኛውንም አወለቅኩ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

ፊቴን ብዙ አየችው። "ቆንጆ ነሽ። የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

"ያንቺ ነኛ! እማዬ፣ ልጅሽ!"

ሳቀች፣ ሰው እንዳይከፋው በምትስቀው ሳቅ። "አትቀልጂብኝ፣ ልጄ ገና ወጣት ናት።"

ማንኪያውን አነሣሁ። "በቃኝ" አለች። ደገምኩ። "በቃኝ።" አፏ ድረስ አስጠግቼ "በሞቴ!" አልኳት። ያን ሁሉ ስፈልገው የነበረውን ቃል።

እጄን ይዛ ማንኪያውን ቀስ አድርጋ መለሰችው። "ተይ የኔ ልጅ። በማላውቀው ሰው ሞት አልበላም፣ ነውር ነው። ልጄን እየጠበቅኩ ነው። እሷ ስትመጣ አብረን እንበላለን።"

ስንት ቀን ነው የጠበቀችኝ? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ማልቀስ አልቻልኩም፣ ካለቀስኩ ደግሞ አትበላም፤ የሚያለቅስ ሰው ፊት አይበላም። ማስኩንም መሸፈኛውንም መልሼ አደረግኩ።

"እማማ" አልኳት፣ "ልጅዎ ናት የላከችኝ። እኔ እስክመጣ አትጠብቀኝ፣ በሞቴ ትብላልኝ ብላለች።"

ቀና አለች። "እሷ ነች ያለችው?"

"እሷ ነች።"

አፏን ከፈተች። አጃውን እስከ መጨረሻው በላችው፣ አገጯን ጠረግኩላት። ስትጨርስ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። "አሳዳጊሽ ይባረክ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔዋ ግን ምን ሆና ነው የማትመጣው? እዚህ ጥላኝ ሄደች እኮ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግኳትም" አለችኝ።

"ሥራ ይዟት ነው" አልኳት።

"ሥራ!" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግስቱ ቁርሷን ይዤ ገባሁ። ማስኬን አላወለቅኩም። ገና ከበሩ ላይ፣ ሳትጠይቀኝ፣ "ልጅዎ ናት የላከችኝ" አልኳት።