ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ መጋረጃ

እናቴ ካረፈች በኋላ ከትውልድ ቦታዬ ከገሳይ ይዤ የመጣሁት አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነበር። ውስጡ ብዙ ነገር አልነበረም፤ አንድ ጥልፍ ቀሚስ፣ አንድ መቀነት፣ አንድ ነጠላ። ቀሚሱ ብብቱ ጋ ተተርትሯል። ነጠላውም መሃሉ ሳስቶ የሸረሪት ድር መስሏል። ጥለቱ ግን፣ ወይን ጠጁም አረንጓዴውም፣ ትናንት ከሸማኔ እጅ የወጣ ይመስላል። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የአደስና የቅቤ ሽታ ይመጣብኝና መልሼ እዘጋዋለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዞር፣ ሳጥኑም እንደተዘጋ አብሮን ይዞር ነበር።

በመጨረሻ የራሳችን ቤት ገባን። ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ናት፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር መጥታ ነው የተገናኘነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ነጠላውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ስልኳ ላይ የአንድ ቤት ፎቶ ነበር፤ ጥለት ያለው ነጭ መጋረጃ፣ ሶፋው ላይ ደግሞ የቀሚስ ጥልፍ የለበሱ ትራሶች።

«ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ቤታችን ይልበሰው» አለችኝ።

«የእናቴን ልብስ ልትቆርጪ?»

«እኔ አይደለሁም፤ አንተ ፈቅደህ፣ ሁለታችን።»

ነጠላውን ከጉልበቷ ላይ አንስቼ አጣጥፌ ወደ ቦታው መለስኩት። ለብዙ ቀን ነገሩ አልተነሳም። አንድ እሁድ ግን ሳጥኑን ራሴ ከፍቼ ሳይ፣ የነጠላው አንድ ጠርዝ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ቀዳዳ አየሁ። በማግስቱ ሁሉንም በፌስታል ይዤ ወደ ገበያ ወረድኩ።

ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነጠላውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«የማን ነው?»

«የእናቴ ነው፣ አባባ። አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር። ጥለቱ አብሮ የተሸመነ ነው፤ ያለ መቀስ አይወጣም።» መቀሱን አዙረው እጀታውን ሰጡኝ። «የሰው እናት ነጠላ እኔ መጀመሪያ አልቆርጥም። መጀመሪያውን አንተ ቁረጥ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ቆረጥኩ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ያን ያህል ሳስቶ ነበር።

ሽማግሌው ጥለቱን በአዲስ ሸማ ላይ ሊሰፉት ሲሉ፣ «ከታች ነው አይደል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከላይ ይሁን አልኳቸው። ከታች ከሆነ ሶፋው ይሸፍነዋል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በልጅነቴ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ ቀና ስል የማየው ያንን ጥለት ነበር፤ አንገቷን ዞሮ፣ ጉንጯን ነክቶ። በጣቴ ወይን ጠጁን ተከትዬ እስከ ጆሮዋ እሄዳለሁ፤ እሷም ዝም ብላ ታስሄደኛለች። ጥለት ለእኔ ከፊት አጠገብ ያለ ነገር ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና፣ «እንደ ፈቃድህ» አሉኝ።

መጋረጃው ተሰቀለ፤ ትራሶቹም ጥልፉን ለብሰው ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ደስታዬን የሚካፈሉኝ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው ብዬ ገሳይ ላሉት አክስቴ ደወልኩ።

«ቅዳሜ ይምጡልኝ፤ የማሳይዎት ነገር አለ።»

«ምንድን ነው?»

«በስልክ አይሆንም፤ ሲመጡ ያዩታል።»

በእኛ አገር በስልክ የማይነገር ነገር መርዶ እንደሆነ እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። በሩን አልፈው አንድ እርምጃ ገቡና መስኮቱን አዩ። የእህታቸውን ጥለት ወዲያው ነው ያወቁት። የራሳቸውን ነጠላ ገለበጡ፤ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አዞሩና ሶፋውን ትተው በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ማንን ቀብራችሁ ነው?» አሉ። «እኔን ሳትጠሩ ማንን ቀበራችሁ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! መጋረጃ ነው፣ አክስቴ፣ መጋረጃ ላሳይዎት ነው የጠራሁዎት!»

«ጥለቱን ወደ ላይ አዙረህ ሰቅለህ? ቤትህን ሐዘን አልብሰህ?»

ባለቤቴ አልገባትም ነበርና እኔን አየችኝ። ሐዘንተኛ ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን ወደ አንገቱ እንደሚያደርግ፣ በደህና ቀን ግን ጥለቱ ወደ ታች እንደሚወርድ ነገርኳት፤ መጋረጃ ላይ ግን አላሰብኩትም ነበር። እየነገርኳት ሳለ አቁሜ ወደ መጋረጃው ዞርኩ። ልጅ ሆኜ በጣቴ የተከተልኩት ጥለት ለምን ከእናቴ ጉንጭ አጠገብ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ የሞተው አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው።

አክስቴ ሁኔታዬን አይተው ተነሱ። ቁጣቸው በርዷል።

«ዓመት ሙሉ አላወረደችውም» አሉኝ። «አንተ ጭኗ ላይ ሆነህ ትስቃለህ፣ እሷ ላንተ ብላ እንባዋን ትውጣለች። ዓመቱ ሞልቶ ተዝካሩ ሲወጣ እንኳ እጇ አልታዘዝ አላት። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላዋን ያዞርኩላት እኔ ነኝ። ‹በቃሽ፣ ልጅሽን አሳድጊበት› አልኳት።»

ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ወጡ። ሊይዟቸው የሮጠችውን ባለቤቴን፣ «አንቺ ወዲያ በይ፤ አልወድቅም» አሏትና መጋረጃውን ራሳቸው አወረዱት። መርፌና ክር አስመጥተው፣ ቀለበቶቹን ፈትተው በሌላው ጫፍ ሲሰፉ እስከ ምሳ ሰዓት ቆዩ። እኔና ባለቤቴ ሶፋውን ወደ በሩ በኩል ገፋነው። ቤቱ ጠበበ፤ እንግዳ ሲመጣ አሁንም ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል።

ጥለቱ ግን ወለሉን ሊነካ ስንዝር ቀርቶት ወረደ። አክስቴ ራቅ ብለው ቆመው ሲያዩት ቆዩና የጥልፍ ትራሱን ከጀርባቸው አድርገው ተቀመጡ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «አሁን ምሳችሁን አምጡ፤ ከሌሊት ጀምሮ አልቀመስኩም።»