እታለም ወዴት ነው የዞረችው

ከደሴ የወጣሁ ማታ እናቴ እንደ ሌሎቹ እናቶች «ደርሰህ ደውል» አላለችኝም። መናኸሪያው በር ላይ ክንዴን ያዘችና አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «እህትህ ወደ ምሥራቅ መዞሯን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።»

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ኩዌት፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር ከሰው ቤት ስትሠራ ታማ ሞተች። አስከሬኗን ለመላክ ወረቀቱ አልሟላ ብሎ እዚያው ተቀበረች። ደንባችንን ታውቁታላችሁ፤ የሞተ ሰው እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሆናል፣ ሲነሣ ፊቱ ወደ ጌታው እንዲሆን። የእሷን ማን አየላት?

እኔም እዚያው ኩዌት፣ ጅሊብ የሚባል ሰፈር ገባሁ፣ ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል። ፋርዋኒያ በሚባል ሰፈር ላለ ምግብ ቤት በመኪና ምግብ አደርሳለሁ። እንደ ደሴው የጦሳ ተራራ ነፋስ ያለ እዚህ የለም፤ የዚህ አገር ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ነው የሚመስለው።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኔ መቃብሯ ሄድኩ። አቧራ ሰማዩን ሸፍኖታል፣ ፀሐይ የት እንዳለች አይታወቅም። መንገድ ሲመራኝ የመጣው ካርታ ስልኬ ላይ እንደተከፈተ ነው። ትምህርት ቤት የካርታ ራስ ሰሜን፣ ቀኙ ምሥራቅ ተብለን የለ? ካርታውን ይዤ ከመቃብሩ ጎን ስቆም መስቀሉ፣ ማለት ራሷ፣ በግራ ሆነ፤ እግሯ በቀኝ። ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ወደ ምሥራቅ ነች።»

«ተመስገን» እያለች አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል አሉኝ ጎረቤቶቿ።

ከወር በኋላ የምግብ ቤቱ ሙዲር፣ ኃላፊው ማለት ነው፣ ጮኸብኝ። «ያ ወለድ! አንተ ልጅ! ደንበኛው በግራ፣ አንተ በቀኝ! ሩዙን እስኪበርድ ከተማ አስጎብኝልኝ ብሎሃል?»

ማታ የካርታውን ራስ ሰሜን አድርጌ እንደምሄድ ስነግራቸው፣ የክፍሌ ሰው ጋሽ ታደሰ ስልኬን ተቀብለው ሳቁ። «ይሄ እኮ አንተ ስትዞር አብሮህ የሚዞር ካርታ ነው፤ ፊትህ ያለውን ሁሉ ከላይ ያደርገዋል። ይቺን ኮምፓስ ንካት፣ ሰሜን ከላይ ይቆማል።»

ነካኋት። ፋርዋኒያ በሙሉ መዳፌ ላይ ዞረች።

«ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ሁልጊዜ... እንዲህ ይዞራል?»

«መንገድ ሲመራህ፣ አዎ።»

በሚቀጥለው ዕረፍቴ ተመልሼ ሄድኩ። ኮምፓሷን ነክቼ ሰሜንን ከላይ አቆምኩ። የእታለም እግር ምሥራቅ አይደለም። ከደቡብ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሏል። ካርታውን በሁለት ጣቴ አሳነስኩትና እግሯ ያመለከተውን ተከተልኩ። በረሃ፣ በረሃ፣ ቀይ ባሕር፣ ከዚያ አገራችን።

ባልነግራትስ ብዬ ብዙ ቆምኩ። ደወልኩ።

«እማዬ፣ ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። ወደ ምሥራቅ አይደለችም።»

በስልኩ የጎረቤት ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ታዲያ ወዴት ናት?»

«ወደ እኛ።»

«ወደ እኛ» አለች ቀስ ብላ። «እኛ እኮ አላመጣናትም፣ ልጄ።»

እሷም ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም።