«አንሺኝ» ማለት የትኛው ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሸነን ከተማ አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። የተቆጡኝ በአንድ ቃል ምክንያት ነው...

ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። ስቱዲዮ የለኝም። አምቦና ዙሪያዋ ባሉት ከተሞች በተጠራሁበት እየሄድኩ ሠርግና ምርቃት አነሳለሁ። ሥራ በሌለ ቀን ወንጪ ወጥቼ ፈረሶቹን፣ ጀልባዎቹን፣ የእግር መንገዱን አነሳለሁ። አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ሃያ ፎቶ ሰቅዬ ሰው ቢያይልኝ ብዬ ነው። ጓደኛዬ ፎቶዎቹን አይታ «ቆይ፣ ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አለችኝ። ለእንጀራ ካልሆነ በቀር ሰው ማንሳት ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ።

የሸነኑን ሥራ የሰጠችኝ ጫልቱ ናት። ነርስ ናት። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ታመው አልጋ ላይ ውለዋል። «ከመታወቂያ ፎቶ በቀር ምንም የለንም። አንድ ደህና ፎቶ ይኑረን» አለችኝ በስልክ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እሳቸውም አውቀውት ኖሯል። ገና ካሜራዬን ሳወጣ «ይሄ ለለቅሶ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ አባዬ! ለግድግዳ ነው» አለች ጫልቱ።

«ግድግዳው መች ጠየቀሽ?» አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። «ለለቅሶ ከሆነ ልኮሳተር። ስቄ ካዩኝ ማን ያለቅስልኛል?»

ጫልቱ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ግራ ገባትና «ጋቢ ላምጣ» ብላ ወጣች። እኔ ብርሃኑን አየሁ። መስኮቱ በስተግራ ነው። ፊታቸው ላይ ጥሩ ያርፋል።

«በይ አንሺኝ» አሉ።

አነሳሁ።

«አንሺኝ እንጂ!»

«እያነሳሁዎት ነው ኦቦ» ብዬ ደገምኩ።

«ናካሲ! ናካሲ እኮ ነው የምልሽ!» አሉ በኦሮምኛ።

ኦሮምኛውም አላዳነኝም። በኦሮምኛም ያው ነው፤ ሰውም ፎቶም በአንድ ቃል ነው የሚነሳው። ሦስተኛውን ተጫንኩ።

«ሴትዮ! ቀና አድርጊኝ ነው የምልሽ! ተጋድሜ ልነሳ ነው? አስከሬን አደረግሽኝ እኮ!»

ገባኝ። ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ግን መንቀሳቀስ አቃተኝ... ቆሜ ቀረሁ።

ባለቤቴ ታሞ በተኛበት፣ እንዲሁ አንድ ከሰዓት፣ አጠገቡ ተቀምጬ የሰው ሠርግ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሳስተካክል «አንሺኝ» አለኝ። «እንዲህ ከስተህማ አላነሳህም። ሲሻልህ አነሳሃለሁ» አልኩት። ደግሞ አልጠየቀኝም። በማግስቱ አረፈ። ቀብሩ ላይ የያዝነው የመታወቂያ ፎቶውን አስፍተን ነው። የፎቶ አንሺ ባል...

ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን የወቀስኩት ፎቶ ስለከለከልኩት ነበር። ቀና አድርጊኝ ብሎኝ ይሆን? የሚለው ጥያቄ ሸነን እስክሄድ ድረስ ወደ ሐሳቤ መጥቶ አያውቅም።

«ኢንተላ ኮ፣ ምነው?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ለዝቧል።

ብብታቸውን ይዤ ቀና አደረግኳቸው። ቀላል ነበሩ። ጀርባቸው ላይ ትራስ ደገፍኩ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩና ጠየቅኳቸው።

«ኦቦ... ሰው ‹አንሺኝ› ሲል የትኛውን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

እንደ ቂል አዩኝ። «እጁን አይተሽ ነዋ! መነሳት የፈለገ እጁን ይዘረጋልሻል። ፎቶ የፈለገ ጢሙን ይዳብሳል።» ይህን ብለው ጢማቸውን ዳበሱ። «በይ፣ አሁን አንሺኝ።»

ጫልቱ ጋቢውን አመጣች። ጋቢ ለብሰው፣ ቀና ብለው፣ እንዳሉት ተኮሳትረው አነሳኋቸው። ጫልቱ ወደደችው።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፎቶዎቹን አየሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ የኦቦ ቶሎሳ ቀኝ እጅ ወደ እኔ ተዘርግቷል። ሦስቱም ላይ። ስጫን ፊታቸውን ብቻ ነበር የማየው።

የባለቤቴን እጅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ያን ቀን የማስተካክለውን ፎቶ አስታወስኩ። የሙሽራዋ ቬሎ ነጭነቱ በዝቶ እያበረድኩት ነበር። ሚዜዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ይሄን ሁሉ አስታውሳለሁ። እጁን ግን አላየሁትም። ሲጠራኝ ዞሬ አላየሁትም።

አላለቀስኩም። ጉደር ላይ ሰው ሲወርድ ቦታ ለቀቅኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቀረውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው የሞላሁት። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቱን አወጣሁና «አነሳ»ን ፈለግኩ። ብዙ ትርጉም አለው። ስለ እጅ የሚል የለም።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶዎቹን ሁሉ በስልክ ልኬላት ጫልቱ ጋ ደወልኩ። እጃቸውን ከዘረጉባቸው ፎቶዎች አንዷን፣ አዳራሽ ያገኘሁ ቀን ልሰቅላት ፈቃድ ጠየቅኩ።

«የተበላሸችውን? እጃቸው እኮ ፊታቸውን ሊሸፍነው ነው!»

«እሷን።»

«ቆይ አባዬን ልጠይቅ» አለች። ከወዲያ ድምፃቸው መጣ፦ «ከለቅሶዬ በፊት ከሆነ ትስቀል በያት!»

ከሰዓት እዚሁ አምቦ ሠርግ ነበረኝ። ሚዜዎቹ ተሰልፈው «አንሺን እንጂ!» ሲሉኝ ካሜራውን ወደ ዓይኔ አላስጠጋሁም፤ መጀመሪያ እጃቸውን አየሁ።

ሁሉም ፀጉራቸውን ያስተካክሉ ነበር።