የባለጉዳይ ወንበር

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ አዛውንት እኛ ቢሮ ውስጥ እጃቸው ተሰበረ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። በማን እንደተናደድኩ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ...

የምሠራው እዚሁ ሶዶ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ስሙን ተዉት። ስድስት ሆነን ነው የምንሠራው። በሩ አጠገብ አንዲት የእንጨት ወንበር አለች። የኋላ እግሯ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል፣ በሲባጎ ታስራ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትቆመው። አትጣልም! ለምን? ጀርባዋ ላይ የንብረት ቁጥር ተጽፎባታላ። ቁጥር ያለው ዕቃ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ንቅንቅ አይልም። ኮሚቴው ደግሞ... እሺ፣ አንድ ቀን ይሰበሰባል።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው «እዛች ላይ እንዳትቀመጥ» የሚለውን ነው። ታዲያ ማን ይቀመጥባት? ባለጉዳይ።

ማክሰኞ አባባ ዳና የሚባሉ ገበሬ ከገሱባ መጡ። የመሬት ጉዳያቸው ወረዳ ላይ አላልቅ ብሏቸው ነው። በዛ መንገድ ሲንገጫገጩ አድረው... ማለቴ ሲንገጫገጩ አርፍደው፣ አቧራ በአቧራ ሆነዋል። እኔ መደርደሪያው ጋ ፋይላቸውን እየፈለግኩ ቆመው ሲጠብቁ አሳዘኑኝ።

«አባባ፣ ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ ቆሜ ይሻለኛል።»

«ኧረ በጌታ! እርስዎ ቆመው አይሆንም፣ ይቀመጡ!»

አዎ፣ እኔ ነኝ። የራሴ ደህና ወንበር እኮ ባዶውን ነበር፣ እኔ ቆሜያለሁ። በሩ ጋ ያለችውን ነው የጠቆምኳቸው። ለምን? ባለጉዳይ እዛ ነው የሚቀመጠው፣ በቃ።

ፊቴን ከማዞሬ «ቋ!» አለ። ዞር ስል መሬት ላይ ናቸው፣ ቀኝ እጃቸው ከሥራቸው ገብቷል። ፊታቸው አመድ መስሏል። በዛ ሕመም ውስጥ ሆነው ያሉትን ስሙልኝ...

«ይቅርታ ልጄ... የመንግሥት ወንበር ሰበርኩባችሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የንብረት ክፍሉ ማርቆስ ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ሰውየውን ሊያነሳ መስሎኝ ነበር። ወንበሯን ገልብጦ ቁጥሯን ማየት ጀመረ!

«ማነው የሰበራት?» አለ።

«ሰው ወድቆ አታይም እንዴ?!» ብዬ ጮህኩበት።

በባጃጅ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድናቸው። አጥንቱ ተሰብሯል፣ ጄሶ ተደረገላቸው። ሐኪሙ ለሳምንታት ምንም እንዳይሠሩበት አስጠነቀቃቸው። በዚህ በእርሻ ሰዓት! አባባ ዳና ጄሶውን እያዩ «ቦሎቄውን ማን ሊዘራልኝ ነው?» አሉ፣ ለራሳቸው፣ በወላይትኛ።

ረቡዕ ጠዋት ማርቆስ ወረቀት ይዞ መጣ። «ባለጉዳዩ በአጠቃቀም ጉድለት ወንበሩን ሰብሯል» ይላል። ከሥሩ የስድስታችን ስም ተደርድሯል፣ እንድንፈርም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፎርማሊቲ ነው ባክሽ። ነገ እኛን እንዳይጠይቁን ነው።»

«እሳቸውን ክፈሉ ቢሏቸውስ?»

እስክሪብቶውን አቀበለኝ። እጃቸውን ሰብረን ወንበር ልናስከፍላቸው! እንዴት ያለ ነገር ነው በጌታ?

የጻፈውን ሰረዝኩና ከሥሩ «ወንበሯ የተሰበረች እንደነበረች ሁላችንም እናውቃለን። እዛች ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

«ራስሽን እኮ ነው የከሰስሽው» አለኝ።

«አውቃለሁ!» አልኩት። ከዛ ወረቀቱን ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። አንዷ ወዲያው ስልክ ተደወለላት። አንዱ «ረጋ ብዬ ላንብበው» አለኝ፣ ሁለት መስመር ናት እኮ! ሌላው «እህቴ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለ። የቀሩት ሁለቱ ቀና ብለውም አላዩኝ።

ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ግን አምስቱም፣ ማርቆስም ተጨምሮ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዘው አባባ ዳና ያረፉበት ዘመድ ቤት ሄዱ። «ጌታ ይማርዎት» አሉ፣ ጸለዩ፣ ጄሶውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ከንፈር መጠጡ።

ወረቀቱ ላይ እስከ ዛሬ ያለው የኔ ፊርማ ብቻ ነው... ለጥየቃ ሲሆን ግን እኛን የሚቀድም የለም!