ቀይ መስመር የተሰመረበት ሳህን

እትዬ እርሾ በቤተ ሙከራችን ሃያ ሦስት ዓመት ዕቃ አጥበዋል። ለምርምር ለምናሳድገው እርሾ ምግብ የሚያዘጋጁትም እሳቸው ነበሩ፤ ስኳሩን መዝነው፣ በእንፋሎት ማሽን አፍልተው፣ መዳፍ በሚያካክሉ ሳህኖች ላይ ያፈሱታል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከዚያ ነው። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጓንት ፈልገው ሲመጡ ሳላስፈርም አልሰጥም፤ እሳቸውም "አንተ ሰውዬ፣ ከኪስህ የምታወጣው አስመሰልከው እኮ!" ይሉኛል። ቋጣሪ ነኝ፣ አልክድም።

የቤተ ሙከራው በር ላይ "ሳህን ማሽተት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ አለ። የተለጠፈው ለእሳቸው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚጣል ሳህን በመጣ ቁጥር ክዳኑን ገለጥ አድርገው ሳያሸቱ አይጥሉም ነበር። የደኅንነት ኃላፊው አንድ ጊዜ ይዟቸው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፎባቸዋል። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቷቸው ነበር።

በዚያ ዓመት አንዲት ወጣት ተመራማሪ የአንድ ዛፍ ዘረመል እርሾ ውስጥ እያስገባች፣ እርሾው የዛፉን መድኃኒት እንዲሠራላት ትለፋ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት እርሾ አሳደገች። መመርመሪያ ማሽኑ ያንን መድኃኒት ብቻ ፈልጎ ከሁሉም "የለም" አላት። ሳህኖቹ ላይ ቀይ መስመር አሰመረችና እንዲጣሉ ላከቻቸው። ሥራዋ ዓርብ ሊዘጋባት ተወሰነ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ እርሾ ግምጃ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

"አንዱን ሳህን አልጣልኩትም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ደብቄዋለሁ።"

"አሽትተውት ነው?"

"ታዲያ በጆሮዬ ላዳምጠው? ሌላ ነገር ይሸታል። እርሾ እርሾ አይልም።"

"እትዬ፣ ጡረታዎን ያስቡ እንጂ! ዝም ብለው ይጣሉት።"

"ልጅቷ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው" ብለው ወጡ። በጣም ተናደድኩ፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ አላውቅም።

ሳህኑን ከማቀዝቀዣ አውጥተው ለተመራማሪዋ ሰጧት። እሷም መመርመሪያ ማሽኑን "ያገኘኸውን ሁሉ አሳየኝ" በሚል ትእዛዝ አስነሳችው። እርሾው መድኃኒቱን አልሠራም። የሠራው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ አዲስ ውህድ ነበር። ሥራዋ ለሁለት ዓመት ተራዘመላት። ሳህኑ እንዴት ሳይጣል እንደቀረ ሲጠየቅ ግን እትዬ እርሾ ሽምጥጥ አድርገው መካድ አልቻሉበትም። ተመራማሪዋ ለመነች፣ እኔም ለመንኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው አለ፣ እትዬ እርሾም ከሥራ ተሰናበቱ።

በመጨረሻዋ ቀን ኃላፊው ቁልፋቸውን ሊረከብ፣ እኔ ልሰናበታቸው ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆመናል። ተመራማሪዋ ሳህኑንና የውህዱን መመዝገቢያ ቅጽ ይዛ መጣች። "ሽታ" ከሚለው ቦታ በቀር ሁሉም ተሞልቷል።

"እትዬ፣ ምን ምን ይላል?"

"ባለቤቴ አናጢ ነበር። ከሥራ ሲገባ ሸሚዙ እንዲህ ይል ነበር። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ሸሚዙም ሽታው ከጠፋ ቆየ።" ከዚያ ዞር ብለው ሳህኑን አዩት። "ልጄ፣ አንድ ጊዜ ላሽትተው?"

ተመራማሪዋ ኃላፊውን አየችው። ኃላፊው ማስታወቂያውን አየ፣ ጫማውን አየ። "ቢሮ የረሳሁት ወረቀት አለ" ብሎ ወጣ።

እኔም አንድ ጥንድ ጓንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ተከተልኩት። አላስፈረምኳቸውም።